ቍስሉ ከዳነ በኋላ ስለሚቀረው ሕመም

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ በቀኝ ጎኔ፥ ከጀርባዬ እስከ ደረቴ ድረስ፥ እንደ መቀነት ያለ ሽፍታ ወጣብኝ። አስቀድሞ ሦስት ቀን ያህል ቆዳዬን ሲያቃጥለኝ ሰንብቶ ኋላ ውኃ ቋጠረ። ጎረቤቶቼም አይተው አልማዝ ባለጭራ ነው አሉኝ፤ አንዱ ቅጠል ጨምቆ ቀባኝ፥ ሌላው ጭራው ዞሮ ከተጋጠመ ሰው ይሞታል ብሎ አስፈራኝ። እኔ ግን ለጥቂት ሽፍታ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለመምህር አይገባም ብዬ ከቤቴ ተቀመጥሁ።

ቍስሉ በወሩ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። ልብሴ ጎኔን ሲነካው እንደ እሳት ያንገበግበኝ ነበር፤ ሌሊትም እንቅልፍ አጣሁ። በዚያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከ20 ዓመት በፊት ይኸው በሽታ በትከሻዋ ላይ ወጥቶባት ነበር። ከዳነች በኋላም ነጠላዋን በዚያ ትከሻዋ ላይ ማሳረፍ አትችልም ነበርና በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ታወርደው ነበር። እኔም «እማዬ፥ ቍስሉ ድኗል፤ በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ መሆን ነውር ነው» ብዬ ተቈጣኋት። እርሷ ምንም ሳትመልስ ነጠላዋን አነሣች፤ ከንፈሯንም ነክሳ ቅዳሴው እስኪፈጸም ቆመች። ዛሬ በሕይወት የለችም።

በሰኔ ወር ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወጣቱ ሐኪም «የኔታ፥ ይህ በሽታ አዲስ አይደለም፤ በልጅነትዎ የያዘዎት ጉድፍ ነው» አለኝ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ጉድፍን የሚያመጣው ቫይረስ ልጁ ከዳነ በኋላ ከሰውነቱ አይወጣም፤ በአከርካሪ አጥንት አጠገብ ባለው የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተሸሽጎ ብዙ ዘመን ይኖራል። ሰው ሲያረጅ ወይም ሰውነቱ ሲደክም ነቅቶ ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው በአንድ ወገን ብቻ የሚዘረጋውም ስለዚህ ነው። ይህንንም ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ የእንግሊዝ አገር ሐኪም በሲረንስስተር ከተማ በሽተኞቹን 16 ዓመት ሲመረምር ቈይቶ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፎ አስረዳ።

ቫይረሱ በሚያልፍበት መንገድ ነርቩን ያቈስለዋል። የቈሰለ ነርቭም የሚነካው ሳይኖር የሕመም ወሬ ወደ አንጎል ይልካል፤ ሕብለ ሰረሰሩም ያን ወሬ ከመቀበል ብዛት የልብስን መነካት እንኳ ወደ ሕመም ይለውጠዋል። እንግዲህ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ስፍራው ግን ለዐይን የተሰወረ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወርቁን ያልደረሰበትን ደቀ መዝሙር እገሥጸዋለሁ። እኔ ግን በእናቴ ዘንድ የዳነውን ቆዳ አይቼ የቈሰለውን ነርቭ ሳላውቅ ፈረድሁ።

ሐኪሙ ማታ ማታ የምውጠው አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒት በጥቂቱ አዘዘልኝ። አስቀድሞ ለልብ ኀዘን የተሠራ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ ሕመሜን የሐሳብ አደረገብኝ ብዬ ተቀየምሁ፤ እርሱ ግን ይህ መድኃኒት በነርቭ የሚሄደውን የሕመም ወሬ ደግሞ እንደሚያደክም አስረዳኝ። ጋባፔንቲን የሚባልም አለ። ከዚህም ሌላ የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን በቆዳ ላይ ተለጥፎ ሕመም ተቀባዩን ነርቭ ያደነዝዛል። ዴቪድ ጁልየስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ካፕሳይሲን በነርቭ ላይ የሚያርፍበትን ስፍራ በ1997 ገልጦ፥ በ2021 ከሌላ ሊቅ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እነዚህ ሁሉ ሕመሙን ይቀንሱታል እንጂ ከሥሩ አይነቅሉትም። እኔም አሁን ሌሊቱን እተኛለሁ፤ ጎኔ ግን ገና ፈጽሞ አልተወኝም።

ከሁሉ የሚጸጽተኝ መዘግየቴ ነው። ቫይረሱን የሚገታው አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው። በብዙ አገርም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ላለፈ ሰዎች መከላከያ ክትባት ይሰጣል። መጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪም ክብር የሚናገረውን ለሌላው ስተረጕም ኖሬ እኔው ራሴ ሳልሰማው ቀረሁ።

ስለዚህ ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ጸበልም ብትረጩት፥ ጸሎትም ብታደርሱለት፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ስደዱት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ያወረደች እናት በቤተ ክርስቲያን ብታዩም፥ ከመገሠጻችሁ በፊት ምን እንዳመማት ጠይቋት።