ሂስ በቤተሰብ መካከል

በአንድ የመምህራን ቤት ቅዳሜ ማታ የቆየ ፊልም ይታያል፤ ቀጥሎ ሂስ ይቀርባል። «ወደድሁት» ብሎ ማለፍ አይፈቀድም፤ ምክንያት ይጠየቃል። (በዚህ ረገድ ቤቱ ከብዙ የሙያ መድረክ የከረረ ነው።)

በቅርቡ ተራው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሆነ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ነው። ጭሰኝነትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነውና፣ ካሜራው የደረሰው ሥርዓቱ ገና በቁሙ ሳለ ነበር።

የልጅ ልጅየዋ ሂሷን አስቀደመች፦ «ባለመሬቱ ሲሳደብ፣ ገበሬው ዝም ሲል፣ ይህን ያህል ማስረዘም ለምን? ቆረጥ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር።» እናቷ በከፊል ተስማማች። አባቷ ስለ ፊልም ቅንብር ስልት ብዙ ተናገረ፤ ሁሉም ከመጽሐፍ የተገኘ ነበር።

በወጣትነታቸው ከጭሰኛ አባታቸው ጋር ያረሱት አያት ዘግየት ብለው፣ «አባቴም እንዲሁ ዝም ይል ነበር» አሉ። «እኔ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ በሬዎቹ አዞር ነበር። እስከ መጨረሻው ያየሁት ዛሬ ነው።»

የትዕይንቱን ርዝመት ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ሃያሲ ማግኘት ያስቸግራል። ልጅቷ ግን አልተረታችም። «አባባ፣ እርስዎ ስለኖሩበት ነው፤ ያልኖርሁት እኔ በምን ልየው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ከነፊልሙ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ።