የቤተ ሰብ መኪናና የነዳጅ ሚዛን

ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ይመለከታል፤ ኮቴዋን ይመረምራል፤ ጭነት ትችል እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የምትበላውንም ገብስ አስቀድሞ ያስባል። መኪና ሲገዛ ግን ብዙው ሰው ስሟንና ቀለሟን ብቻ አይቶ ገንዘቡን ይቈጥራል። በቅሎዋ የበላችውን ገብስ ጐተራው ይናገራል፤ መኪናዋ የጠጣችውን ነዳጅ ግን ኪስ እስኪራቈት ድረስ የሚናገር የለም። ስለዚህ ባለፈው አንድ ዓመት በገዛ ቤታችን የመዘንነውን ነገር ለአንባብያን ማካፈል የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

የምንኖረው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ከተማችን በምድር ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገች ስትሆን፣ ዛሬ የመንገድ መለያያ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተራራውን ይዞ ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ነዳጅ የጫኑት ቦቴዎች ሌሊትና ቀን በደጃችን ያልፋሉ። በታኅሣሥና በሐምሌ የቍልቢ ገብርኤል በዓል በተቃረበ ጊዜ ደግሞ በአገሪቱ ያለው የመኪና ዓይነት ሁሉ በዚህች ከተማ ሲያልፍ ይታያል። ስለዚህ መኪናን በማየት የሚጐድልብን ነገር አልነበረም። የጐደለን መመዘኛው ነበር።

ለመመዘን ያስገደደን ጉዳይ ይህ ነው። እናታችን ልባቸውን ታመው ሐኪሙ በየወሩ አዳማ እየመጡ እንዲታዩ አዘዘ። ከአዋሽ እስከ አዳማ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 250 ይሆናል። በአውቶቡስ መጋፋቱ ለእርሳቸው የሚቻል አልሆነም። የራሳችን መኪና ስላልነበረን ዘመዶች በየተራ መኪናቸውን ያውሱን ነበር፤ እኛም ነዳጁን እንሞላለን። በዚህ መካከል ታላቅ ወንድማችንና እኛ ገንዘብ አዋጥተን ለሁለቱ ቤት የሚሆን አንድ መኪና ለመግዛት ተስማማን። የተዋጣውም ገንዘብ ለእናታችን መድኃኒትና ለልጆች ትምህርት ጭምር የታሰበ ስለ ነበረ፣ የመኪናው ዋጋና የነዳጁ ወጪ ከበላው ሌላው ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ ደብተር ከፈትን። አመዛዘኑ ቀላል ነው። ሲነሡ ሰልባቲዮውን እስከ አፉ መሙላት፣ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር መጻፍ፣ ሲመለሱም እዚያው ማደያ እንደ ገና እስከ አፉ መሙላት ነው። በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር መኪናው የጠጣው ነው። የተኬደውን ኪሎ ሜትር ለሊትሩ ማካፈል ይበቃል። በመኪናው ፊት ለፊት የሚታየውን የነዳጅ ቀስት ማመን ግን አይገባም፤ እርሱ ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም።

ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው ቍጥር አይበቃምን? የሚል ቢኖር፣ ያ ቍጥር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባዋል። በአውሮጳ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ፈተና መኪናውን በቤት ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ አቁሞ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ በ23 ዲግሪ ሙቀት፣ 23 ኪሎ ሜትር ከሩብ እንደ ተጓዘ አድርጎ የሚለካ ነው። ይህ ፈተና መኪናዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ይረዳል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የአዋሽ ሸለቆ ፀሐይ የለም፤ የአዳማ ዳገት የለም፤ በላዩ የታሰረ ዕቃም የለም። አንዳንዴም ቍጥሩ ራሱ የተበላሸ ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚትሱቢሺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ600,000 በሚበልጡ ትንንሽ መኪናዎች ላይ የነዳጁን ፈተና እንዳጣመመ በይፋ አምኗል።

አሁን ደብተራችን የሚለውን እንናገር። እናታችንን ጨምሮ አምስት ሰው ጭነን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍተን፣ አዳማ ደርሰን ስንመለስ፣ ቶዮታ ኮሮላ 20 ሊትር ቤንዚን ወሰደች፤ ይህም በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ራቭ ፎር 25 ሊትር ወሰደች፤ በሊትር 10 ማለት ነው። በክብር ከሁሉ የምትበልጠው ባለ ቤንዚኗ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ደግሞ 33 ሊትር ጠጣች፤ በሊትር ሰባት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። የእኅታችን ባል ያዋሰን የኤሌክትሪክ መኪና 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጀች። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ ዘጠኝ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኀይል ስላለው፣ ይህች መኪና መንገዱን የጨረሰችው ከአምስት ሊትር በታች በሆነ ኀይል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ኀይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ለውጦ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ስለሚበትነው ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስገረመን የመውጣቱና የመውረዱ ልዩነት ነው። ኮሮላዋ ወደ አዳማ ስትሄድ 11፣ ስትመለስ 9 ሊትር ነበር የወሰደችው። ነገሩን ለተማሪዎቻችን ጥያቄ አድርገን አቀረብንላቸው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር፣ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናቸው፤ መካከሉ 700 ሜትር ነው። ከነሰዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት 10 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋታል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ቢኖረውም፣ ሞተሩ ለጎማው የሚያደርሰው ሩቡን ማለትም 8 ሚሊዮኑን ብቻ ነው ብንል፣ ዳገቱ ብቻውን አንድ ሊትር ከሩብ ያስከፍላል። ሁለት ቶን ለምትመዝን ከባድ መኪና ደግሞ ከነጭነቷ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። እስከ አዲስ አበባ ለሚዘልቅ የከፍታው ልዩነት 1,350 ሜትር ያህል ስለሆነ ዋጋው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ቍልቍለቱ ለነዳጅ መኪና ጥቂቱን ብቻ ይመልስለታል፤ የኤሌክትሪኳ ግን ፍሬኗ ራሱ ባትሪውን ስለሚሞላ ብዙውን ታስመልሳለች።

ዳገቱ የፈጣሪ ሥራ ነውና አይቀየርም፤ በነጂው እጅ ያሉ ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ፍጥነት ነው። ነፋስ መኪናን የሚገፋበት ኀይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት 90 ይሄድ የነበረ ሰው 120 ቢሄድ የነፋሱ ኀይል በሦስት አራተኛ ይጨምርበታል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሚጣደፍ ሰው የሚያተርፈውን ጥቂት ደቂቃ በነዳጅ ይከፍልበታል። ሁለተኛው ፖርቶ መጋላው ነው። ዕቃ ባይኖርበትም እንኳ ነፋስ ይይዛል፤ ሥራ ሲፈታ ፈቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሦስተኛው የጎማው ንፋስ ነው። ጎማ ሲላላ መኪና ይከብዳታል፤ በሞቃት አገርም የላላ ጎማ ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ማስለካት ነው።

ነገር ግን መኪና በነዳጅ ብቻ አትመዘንም። የሚያስፈልገው መቀመጫዋ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ፕራዶዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ለመሳፈር በርጩማ እናስቀምጥላቸው ነበር፤ ኮሮላዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ለመነሣት ሁለት ሰው ይስባቸዋል። ራቭ ፎሯና የኤሌክትሪኳ ግን መቀመጫቸው በወገብ ልክ ስለ ነበር ያለ ረዳት ተቀምጠው ያለ ረዳት ተነሡ። ይህን የሚነግር የፋብሪካ መጽሐፍ አላየንም። ደግሞም ሰባት ሰው ትይዛለች የምትባለው ፕራዶ የኋላው ወንበር ሲዘረጋ ከአዳማ ለምንገዛው ጤፍ የሚበቃ ቦታ አይተርፋትም። ሰው ወይስ ኵንታል? አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

የኤሌክትሪክን መኪና ነገር ለብቻው ማየት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ቤንዚኑና ናፍታው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከወንዞቻችን ይወጣል። የእኛው አዋሽ እንኳ ከ1952 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቆቃ ግድብ ብርሃን ሲሰጥ ኖሯል፤ ታላቁ የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጥቅሟ ይህ ሆኖ ሳለ ወሰኗንም ማወቅ ያሻል። የቆሎ ተማሪ በአኮፋዳው ያለውን አይቶ የሚያድርበትን መንደር አስቀድሞ እንደሚወስን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነጂም በባትሪው ያለውን አይቶ ነው የሚነሣው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከአዋሽ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት በእኛ ሒሳብ 45 ያህሉን ይፈጃል፤ ይበቃል። ሰመራ ግን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በረሓ። በመካከል ሳይሞሉ መድረስ ያጠራጥራል። ብርቱ ሙቀትም ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፤ ጥላ ያስፈልጋታል።

ይህን ሁሉ በደብተር ይዘን ከወንድማችን ጋር ለምክር ተቀመጥን። እርሱ ነጋዴ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ሎግያና ሰመራ ይመላለሳል። ልቡ ከፕራዶዋ ጋር ነበረ።

«አንተ መምህር፣ ሊትር ስትቈጥር ክብርን ረሳኸው። ነጋዴ በሚመጣበት መኪና ይገመታል» አለን።

«ጋሼ፣ ነገርዎ እውነት ነው፤» አልነው፤ «ነገር ግን በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብንሄድ ፕራዶዋ 133 ሊትር ትጠጣለች፣ ራቭ ፎሯ 100። በዓመት የ400 ሊትር ልዩነት ነው። የመግዣዋ ዋጋም ሳይቈጠር ነው። ይህ የእማዬ መድኃኒት ነው።»

ወንድማችን ዝም አለ። እናታችንም ከተቀመጡበት ሆነው «ልጆቼ፣ እኔ ተሰቅዬ የማልወጣበትን፣ ተጎትቼም የማልነሣበትን ግዙልኝ። ክብራችሁንስ እኔ እመሰክርላችኋለሁ» አሉ። ከዚህ በኋላ ክርክር አልቀጠለም። ወንድማችን የሰመራን መንገድ ስለማይተው የኤሌክትሪኳን ለጊዜው ተውናት። አገር ውስጥ ካሉት መካከል በደኅና የተያዘች አንዲት ራቭ ፎር ገዛን፤ የተረፈውንም ገንዘብ ለሕክምናውና ለልጆቹ ትምህርት በባንክ አስቀመጥን። መንገዱ ከአዳማና ከአዲስ አበባ የማያልፍ፣ ግቢና ጥላ ያለው ቤተ ሰብ ቢሆን ኖሮ ግን ምክራችን የኤሌክትሪኳን ግዙ የሚል በሆነ ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ የእኛ መልስ ለሁሉ ቤት መልስ አይሆንም። አመዛዘኑ ግን ለሁሉ ይሆናል። ከመግዛት በፊት በወር የምትሄዱትን ኪሎ ሜትር ጻፉ፤ በምታውቁት ሰው መኪና ሞልታችሁ ሄዳችሁ፣ ሞልታችሁ ተመለሱ፤ ሊትሩን በማደያው በተለጠፈው ዋጋ አብዙ፤ የዓመቱን ወጪ ከቤቱ ገቢ ጋር አስተያዩ። ከቤታችሁም እጅግ የደከመውን ሰው፣ አረጋዊም ቢሆን ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድማችሁ በመኪናው አስቀምጡና ጠይቁ። ጎረቤት እንዲያየን ብሎ ከዐቅም በላይ የሚገዛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውን ተረት በራሱ ላይ ይፈጽማል። የመኪና ክብር የቤት ሰው ሳይጉላላ መድረሱና የደረሰበት ቤት ጎተራ ሳይራቈት መቈየቱ ነው።