ቶሎ የሚሉት አንድ ነገር

ሰፈራችን ውስጥ «ሥራ አስኪያጁ» የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ስሙ አልወጣም፤ ሸሚዛቸው ኪስ ላይ የተሰካው እስክሪብቶም አልወጣም። ካፌ ተቀምጠን የሁለት ማኪያቶ ሒሳብ ሲመጣ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ ቀኑን አይተው፣ ድምሩን በከንፈራቸው ደምረው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ደረሰኙ ጥግ ላይ አጭር ፊርማቸውን ያሳርፋሉ። አስተናጋጇ ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ሳይፈርሙ የሄዱ ቀን ታመው ይሆን ብላ የምትጨነቅ ይመስለኛል።

በፖለቲካ ነገር ፓርቲያቸው «ቀስ በል» ነው። ገዢውንም ተቃዋሚውንም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ጋሼ እንዲህ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካና የንግድ ድርጅት ሲወርስ፣ እሳቸው ከተወረሱት ባንዱ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩና፣ ቁጠር ተብለው ከማሽኑ እስከ ባለቤቱ የሻይ ሲኒ ቆጥረው በሦስት ቅጂ አስረከቡ። ባለቤቱ የሚፈርሙበት ስላልነበራቸው የኛን ሰው እስክሪብቶ ተዋሱ፤ ከፈረሙ በኋላ ግን፣ ሰው ሐሳብ ሲይዘው እንደሚያደርገው፣ ኪሳቸው ከተው ወጡ። «ያን ሁሉ ንብረት ትተው እኔን እስክሪብቶ አስከፈሉኝ» ይላሉ ጋሼ፣ እየሳቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ፣ ቀጥሎም የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተባለ። ዛሬ ታዲያ ወጣቶቹ «ለውጥ» ሲሉ እሳቸው «ቆጠራው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ንግድ ላይ ከመጣን ደግሞ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም የተመነዘረበትን ዘመን ሳያነሱ አያልፉም። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲገባ አገር ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ከ100 ብር ሲያልፍ ግን ዝም ብለው ማኪያቷቸውን አማሰሉ፤ ስኳር እንኳ አልጨመሩበትም ነበር። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ባንክ እንዲገባ ሲፈቅድም «እንግዳ ይግባ፤ ጓዳ ግን አይግባ» አሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ባንኮቻችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእርስ በርሳቸው በቀር ተፎካካሪ ሳያዩ፣ ሐሳብ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ቤት አለህ ወይ?» ሲሉ ኖረዋልና፣ እንግዳ ቢያዩ ጓዳቸውን ይጠርጉ ነበር። ይህን ስላቸው «አንተ ልጅ፣ ብድር ወስደህ ታውቃለህ?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

የቤተሰባቸው ጉዳይ ከሁለቱም ይከብዳል። ግቢው እንዳይሸጥ ተናዝዘዋል፤ ግን ማን ይኖርበታል? ሴት ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚሁ ሆኖ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እየነካካ ደመወዝ የሚያገኝ ልጅ ነው፤ ይህን «ሥራ» ለማለት አፋቸው እስካሁን እሺ አላለም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንድ አክሲዮን በ300 ብር ሲያቀርብ «በስልክ የሚሸጥ ድርጅት በስልክ ይጠፋል» ብለው የተሳለቁት እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ ልጁን በምስጢር ጠርተው፣ በቴሌብር፣ የመጨረሻ ትንሹን 33 አክሲዮን በስማቸው አስገዙ። 9,900 ብር መሆኑ ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ ቢሉት፣ ልጁ የስልኩን ገጽ አትሞ ሰጣቸው፤ ፋይል ውስጥ አስቀምጠውታል።

ሴት ልጃቸውም ሰምታ እኔም ልግዛ ብላ ነበር። ሽያጩ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ስለነበር በአሜሪካ ፓስፖርቷ አልሆነም። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ቀላ። «የገዛ ልጄ እንዴት የውጭ ሰው ትባላለች? ይኼ ሕግ እንኳ ቶሎ ይለወጥ!»

ቶሎ አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።