መምህሩ ጉድጓድ ውስጥ ነበር

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፣ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደግሞ እዚያው ከተማ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ከባሕር ዳር ወዲያ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ ዳገቱን ወጥቶም ደጋ ዳሞት ፈረስ ቤት ድረስ፣ በየአገሩ ሸማኔ አለ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና ባለ እጅ በአንድ ጎጃም ውስጥ ተገኝተው ነበር። የቀረን ማገናኘት ብቻ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ምን እንዳመለጠን ለማወቅ ሸማኔውን ሲሠራ ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዷል። መርገጫውን በእግር ጣቶቹ ይዞ ድሩን ይከፍታል፤ ቀሰም የገባበትን መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይልካል። ነጩን ሲሠራ እጁ አይታይም። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ይረጋል። የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፤ ባለ ቀለሙን ማግ ያሾልካል፤ መታ ያደርገዋል፤ እንደገና ይቆጥራል። ፊቱ የተዘረጋ ንድፍ የለም፤ ስሌቱ ሁሉ በጭንቅላቱ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ እማወራዋ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች ሞሰብ ትሰፋለች። ክቡ በሰፋ ቁጥር እያንዳንዱ ቀለም ስንት ወስፌ እንደሚጨመርለት ታውቃለች። ዲዛይን ክፍል ውስጥ ቅርፅን መደጋገምና ማስፋት እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው።

«ገጠር አዲስ ነገር አይሞክርም» የሚል ካለ ተሳስቷል። የጥንት ሸማኔዎቻችን ባለ ቀለም ክር ሲያጡ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ ተርትረው ለጥለት አውለውታል። በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብም ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት የሚለውን ልማድ ሰብሮ ሴቶቹን ሸማኔ አድርጓል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ግን የጎንደሩ የሐር መጋረጃ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ክሩ በቀዳዳቸው የሚያልፍባቸውን ብዙ ትንንሽ ገበታዎች እያዟዟሩ የሰው ምስል አውጥተው የሠሩት ነው፤ ቁመቱ ከአምስት ሜትር ያልፋል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የዚያው ዓይነት ሥራ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምም አለ። ዕቃው መወሰዱ አንድ ሐዘን ነው። ስልቱ ከእጃችን መውጣቱ ግን የባሰ ነው፤ እጅ ቢቀርልን ኖሮ ሌላ መጋረጃ በሠራን ነበር። የጨርቅ ጥበብ ተማሪ «አዲስ ስልት ልሞክር» ሲል ከሁሉ አስቀድሞ መሞከር የነበረበት ይህንን ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገው እንይ። አኒ አልበርስ በጀርመኑ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ሽመና ተምራ በዓለም የታወቀች የጨርቅ ጥበብ ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሽመና ያሳተመችውን መጽሐፍ ያበረከተችው ለጥንታዊ ፔሩ ሸማኔዎች ነው፤ መምህሮቼ ብላ። እሷ ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸውን ሰዎች ጨርቃቸውን እያየች ተማረችባቸው። እኛ በሕይወት ያሉትን፣ ቡና ጠጥተው የሚያጫውቱንን፣ መምህር ብለን አልጠራንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ገንዘብ ጎድሎን አይደለም፤ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተነገረ፤ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ግን ከአፍ አልወጣም። በነጠላው አምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው፣ ነጠላውን ለሠራው ልጁን አይድርም ነበር። ሸማኔውም ልጁን «እንደኔ ጉድጓድ እንዳትገባ፣ ተማር» ብሎ ላከው። ልጁ ተማረ፤ ስለ ክርም ቢሆን ተማረ። ግን የተማረበት ክፍል የአባቱን እጅ እንደ እውቀት አልቆጠረለትምና እሱም አልቆጠረው።

ክፍተቱን ገበያው ሞላው። ጥለታችንን በማተሚያ ያተመ ርካሽ ጨርቅ ከቻይና እየገባ በየበዓሉ ይለበሳል። ዛሬ «ባህላችን ተወሰደ» ብለን እንጮሃለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የተወሰደው እኛ የጣልነው ነው።

ያለፈው ስድሳ ዓመት አይመለስም። የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ዲዛይን የምታስተምሩ ሆይ፣ ሸማኔን ለዐውደ ርዕይ ማድመቂያ መጥራቱ ይብቃችሁ። ከፈረስ ቤትም ይሁን ከቡሬ አንድ ሸማኔ አምጡ፤ መሬቱን ቆፍራችሁ የሽመና ዕቃውን ትከሉለት፤ ሞሰብ ሰፊዋንም አጠገቡ አስቀምጡ። የሚያስተምሩበት ሰዓት በፕሮግራም ይውጣላቸው፤ እንደ ማንኛውም መምህርም ደመወዝ ይከፈላቸው።