190 የፈረስ ጉልበት ለዱባይ ተራ?

በአዲስ አበባው የገበያ ሰፈር ዱባይ ተራ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚፈተነው በፍጥነቱ አይደለም። ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ፣ ተሸካሚው ከኋላ «መንገድ!» እያለ ሲመጣ፣ ቁም ነገሩ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሳይንገጫገጭ መጎተቱ ነው።

የ2021ዱ ሱዙኪ ሃያቡሳ 1,340 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደርና 190 የፈረስ ጉልበት አለው። ሙሉ ኃይሉ የሚገኘው ግን በደቂቃ 9,700 ዙር ላይ ነው፤ ክብደቱም 264 ኪሎ። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ቢኤምደብሊው አር 1250 አርኤስ 136 ፈረስ ብቻ ቢሆንም በመጎተት ብዙ አይበለጥም፦ 143 ኒውተን ሜትር በ6,250 ዙር። የሃያቡሳው 150 ነው፣ ያውም በ7,000 ዙር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ ለሚወጣ ሰው ይህ የዙር ልዩነት ትልቅ ነው።

ከፍታውም አይረሳ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ተራ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አየር ጨምቆ የሚያስገባው ካዋሳኪ ኤች2 ኤስኤክስ ጉዳቱ ይቀልለታል።

ለረጅሙ መንገድ ቢኤምደብሊው ይመረጣል። ለዱባይ ተራ ግን 12 ፈረስ ገደማ ያለው ባጃጅ ቦክሰር 150 ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በከተማዋ የሚንቀሳቀሰው በፈቃድ ነው።