ልጄ የጻፈው ዝርዝርና እኔ የሰረዝኩት መስመር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሕፃናት አመጋገብም ሆነ ስለ ቤት አያያዝ አይደለም፤ ስለ ራሴ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በኮምፒዩተር ግዢ ላይ ቢሆንም፣ ልጅ ያላትን እናት ሁሉ የሚመለከት ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤታችን፣ ልብስ በማጥብበት በአንድ ቅዳሜ ጧት ነው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ሱሪ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎኝ ልቤ ደንገጥ አለ። ስገልጠው ግን ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ የሚል ዝርዝር ነው። በየአንዳንዱ አንጻር ዋጋ ተጽፏል። ከግርጌው «ለጌም የሚሆን፣ በትንሽ ብር» ይላል። ፓወር ሰፕላይ በሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ጌም» የሚለውን ቃል ሳይ ቁጣዬ ገነፈለ። ጠርቼ ብጠይቀው፣ «ጓደኛዬ ዘንድ ሳጠና አመሸሁ» እያለኝ የሚያመሸው በሰዓት እየከፈለ ጌም ቤት ኖሯል! ልቆጣው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። እንደምታውቁት በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። የልጄም ትምህርት አንድ ጊዜ ሲቋረጥ፣ አንድ ጊዜ ሲቀጥል ነው የከረመው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ የተኩስ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ «ልጁ አሁን የት ነው ያለ?» የሚል ነው። እንግዲህ ልጁን ከጨዋታው ማራቅ ካልቻልኩ፣ ጨዋታውን ወደ ቤት ባመጣውስ? ከባለቤቴ ጋር ስንመካከር አድረን በዚሁ ተስማማን። ዕቁቤ ደረሰኝ፤ በቡሬ ገጠር የምትኖረው እናቴም በርበሬ ሸጣ የያዘችውን ብር ላከችልኝ። ልጄም ያጠራቀመውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

ጋዜጠኛ ነኝና ከመግዛቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። በከተማችን ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። «እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁ ምን መጫወት እንደሚፈልግ ይጠይቁት። ዕቃ የሚመረጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው» አለኝ። ልጄ የሚፈልገው እግር ኳስና ማይንክራፍት የሚባለውን፣ በኩብ በኩብ ቤትና ከተማ የሚሠራበትን ጨዋታ ነው። «እንዲህ ከሆነማ ዝርዝሩን ያወጣው ልጅ ሞኝ አይደለም» ብሎ አስረዳኝ። እኔም እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩ አሳቢ ክፍል ነው። ልጄ የመረጠው ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን ራይዘን 5 5600ጂ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጥቅም ሥዕል የሚሠራው ክፍል አብሮት መኖሩ ነው። በአብዛኛው የጌም ኮምፒዩተር ላይ ከሁሉ ይልቅ ውድ የሆነው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ዕቃ ነው፤ በዚህ ፕሮሰሰር ግን ለጊዜው ያለ እሱ መጀመር ይቻላል። ገንዘብ ሲገኝ በኋላ ይጨመራል። ራም ደግሞ ሥራው ሲሠራ የሚዘረጋበት ሰፌድ ነው በሉት። ልጄ የጻፈው ባለ 16 ጊጋ ባይት አንድ ሳይሆን ባለ 8 ጊጋ ባይት ሁለት ነው። ምነው ቢሉ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ሥዕል ሠሪ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ሁለት ሆነው ሲሰኩ መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚመላለስ ሥዕሉ ይፈጥናል። ኤስኤስዲ ጎተራው ነው። እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ፈጣን ነው፤ መንቀጥቀጥንም የበለጠ ይችላል። ማዘርቦርድ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ ሲሆን፣ ወደፊት ለሚጨመረው ግራፊክስ ካርድ ቦታ ያለው መሆን አለበት። ለመመልከቻ አዲስ ስክሪን አላስፈለገንም፤ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ቀዳዳ ያለው ቴሌቪዥናችን በቃን።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ፣ ለውስጥ ዕቃዎች ወደሚስማማው ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀይሮ የሚያከፋፍል የብረት ሳጥን ነው። ሥዕል አይሠራም፣ አያፈጥንም፣ ከውጭም አይታይም።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኼውላችሁ። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ገባሁ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው እንዴት እንደ ወጣ ታውቃላችሁ። ልጄ ከጻፈው ሁሉ ጨምሮ አገኘሁት። ከምኑ ልቀንስ ብዬ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሳየው፣ የማይታየው ሳጥን ዓይኔ ገባ። ሻጩም «ያው ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጥ፣ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ልጄ ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን መስመር ሰረዝኩና፣ ከሁሉ የረከሰውን ወሰድኩ። በተረፈው ብር ደግሞ ጎኑ መስተዋት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኬዝ ገዛሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነዋ!

ልጄ ዕቃውን ሲፈታ ሳጥኑን አንሥቶ በእጁ መዘነው። «እማዬ፣ ይኼ ቀላል ነው» አለ። «ቀላል ቢሆን ምን አለበት?» ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። ያቺን ዝምታ ያን ጊዜ አላዳመጥኳትም።

ስድስት ሳምንት ያህል ቤታችን ደስታ ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ እንደገና ሄዶ ሲመለስ ከሳጥኑ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ። ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ጥገና ቤት ሲታይ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርዱም አብሮ ሄዷል። የረከሰ ሳጥን ሲበላሽ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነብኝ። የእናቴ የበርበሬ ብር፣ የልጄ ጥሪት! ልጄ ግን አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ወረቀቱን አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው፤ በማግሥቱ ማታም ወደ ቤት የገባው አምሽቶ ነው። የዕቃው መቃጠል ካሳዘነኝ ይልቅ ይኸኛው አንጀቴን በላው።

መንገዱ ደኅና በሆነበት በአንድ እሑድ ልጄን ይዤ ወደ ቡሬ ወረድኩ። ለእናቴ ብሯ ምን እንደሆነ መንገር ነበረብኝ። ኮምፒዩተር አታውቅም፤ ግን «የትኛው ነው የተቃጠለው?» ብላ ጠየቀችው። «እምዬ፣ ኃይሉን ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው ነው» አላት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ምራኑ ነዋ!» አለች።

ከተማ ላደጋችሁ አንባቢዎች ላስረዳ። ገበሬ ማረሻውን፣ ሞፈሩን፣ ድግሩን፣ እርፉንና ቀንበሩን እያንዳንዱን መርጦ ነው የሚያገጣጥመው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስተሳስረው ምራን የሚባለው ጠፍር ነው። ከሁሉ ትንሹ እሱ ነው፤ ከተበጠሰ ግን በሬውም ማረሻውም ሜዳ ላይ ይቀራል። «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ምራን ሲመርጥ ቆዳውን ስቦ፣ ነክሶ ነበር የሚያየው» አለች እናቴ። ቀጥላም ወደ ልጄ ዞራ፣ «አንተስ ጥሩውን አትመርጥም ነበር?» አለችው።

ልጄ አቀርቅሮ ዝም አለ። ሊያሳጣኝ አልፈለገም። «እሱማ መርጦ ነበር፤ አስምሮበትም ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በእናቴ ፊት ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ልጄ የሚሄድበትን ሳልጠይቀው ራሱ እየነገረኝ ይወጣል።

ኮምፒዩተሩ እስኪቆም ሦስት ወር ፈጀ። ይህን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩን የመረጥነው አብረን ነው። ባለ 500 ዋት ሆኖ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ያለበት ነው። ምልክቱ ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 ከመቶውን ለሥራ እንደሚያውል የተመረመረ መሆኑን ያሳያል። ለደኅንነት ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ፣ የታወቀ ስም ያለው መሆኑንና ቮልት ሲዛባ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ እንዳለው አረጋገጥን። በመካከል ስታብላይዘር አደረግን። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀልና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥም ልማዳችን ሆነ።

እናንተም ልጃችሁ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢያመጣላችሁ፣ በመጀመሪያ ምን እንደሚጫወት ጠይቁት። በጨዋታዎቹ ላይ አውሮፓውያን የሚለጥፉትን የዕድሜ ቁጥር ተመልከቱ፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 እየተባለ ይጻፋል፣ 18 የሚለው ለልጅ አይሆንም። ኮምፒዩተሩን ሁሉም በሚቀመጥበት ክፍል አኑሩት። በ2018 ዓ.ም. የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ስለናረ መቆጠብ ግድ ከሆነባችሁ ከመብራቱና ከመስተዋቱ ቀንሱ፣ ከራሙም ግማሹን ለኋላ አቆዩት፤ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን ግን አትንኩ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ልጃችሁ ያሰመረበትን ከመሰረዛችሁ በፊት «ይኼን ለምን አሰመርክበት?» በሉት። እኔ ያቺን አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ የእናቴ የበርበሬ ብር ባልተቃጠለ ነበር።

ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። ሰላም ሰንብቱ።