ፊትን መለካት

በሙያዬ የቃል ሰው ነኝ። አንድ ስንኝ ካልጣመኝ እሰርዘዋለሁ፤ አንድ ትዕይንት ካልሠመረ ተዋንያኑ ደግመው እንዲጫወቱት እጠይቃለሁ። ሊታረም የማይችል ጥፋት ምን እንደ ሆነ የተረዳሁት ግን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን ሀሁ ለመማር በተነሣሁ ጊዜ ነው።

መምህሬ በቂርቆስ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው አዛውንት ናቸው። የስንቱ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የስንቱ ሠርግና ምረቃ በእጃቸው አልፏል። የእኔ መሣሪያ ከአጎቴ የወረስሁት፣ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ዜኒት-ኢ ካሜራ ነበር። የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይሻም፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ብርሃኑ ራሱ ነው።

ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ስለ ጨለማ ነው። ቀይ መብራት የሚፈቀደው ለማተሚያው ወረቀት ብቻ ነው፤ ፊልሙ ግን ለቀዩም ብርሃን ስሜት ስላለው ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል። ስለዚህ በተበላሸ ፊልም፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መጠምጠሚያው ላይ መጠቅለልን ለአንድ ሳምንት ተለማመድሁ። ጣቴ ከዓይኔ ይልቅ እንደሚታመን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ቀጥሎ የማጠቡ ትምህርት መጣ። በፊልሙ ላይ በተቀባው ጄላቲን ውስጥ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች አሉ። ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች ለዓይን የማይታይ ምልክት ይይዛሉ። የመጀመሪያው ማጠቢያ እነዚህን ወደ ጥቁር ብር ይለውጣቸዋል፤ ኮምጣጤ መሰሉ ሁለተኛው ውሕድ ለውጡን ይገታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ብርሃን ያልነካቸውን አሟሙቶ በማስወገድ ምስሉን ያጸናዋል። የመጀመሪያው ማጠቢያ ሙቀት 20 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። የአዲስ አበባ የማለዳ ውሃ ከዚህ ስለሚቀዘቅዝ ጥቂት ሙቅ ውሃ እንቀላቅልበት ነበር። በመጨረሻም ፊልሙ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ እንደ ልብስ በገመድ ላይ ይሰጣል።

ጥበቡ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአፍሪካ አዳራሽ ሲመሠረት፣ የመሪዎቹ መልክ ለትውልድ የቀረው በዚሁ ብር ላይ ነው። ከዚያ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በካዛንቺስ ግን፣ ፎቶግራፍ አንሺ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ብዙ ሰዎች ኖረዋል። ያደግሁት እዚያ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው በወረራው ዘመን ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራቻቸው ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ እንደ ሆነ ይታወቃል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሊፈርስ፣ ነዋሪውም ዕቃውን ሲሸክፍ፣ ካሜራዬን ይዤ ወደ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ደጅ ሮጥሁ። በልጅነቴ የቡና ቁርስ ከእጃቸው የበላሁ ነኝ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ጥላ ውስጥ ቆሙልኝ፤ የጠዋቱ ፀሐይ በኖራ የተቀባውን ግድግዳ ያበራዋል። መርፌው እንዳመለከተኝ ፍጥነቱን 1/125፣ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርጌ አነሣሁ። ለዚያ ደጅ የቀረኝ አንድ ፊልም ብቻ ስለ ነበር አልደገምሁትም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ጋሼ ወደ መስኮቱ አቅንተው ረዥም ጊዜ አዩት።

«ግድግዳውን ለክተሃል፤ እሳቸውን አልለካህም» አሉኝ።

መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ግድግዳውና ነጠላው ስላታለሉት ብርሃኑን ቀንስ አለኝ። በጥላ ውስጥ ያለው ጠይም ፊት የሚሻው 1/30 በ8፣ ማለትም 16 እጥፍ ብርሃን ነበር። በነጌቲቩ ላይ ፊታቸው ያለበት ስፍራ እንደ መስታወት የጠራ ባዶ ሆኗል።

«በማጠቢያ አይስተካከልም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ብርሃን ያልነካው ፊልም ብር የለውም፤ ከየት ታመጣለህ?»

ያም ሆኖ አተምሁት። የበሩ ጣውላ፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የነጠላው ጥለት ሳይቀር ወጥቷል። ፎቶግራፉን ይዤ እማማ ወደ ሰፈሩበት አዲስ ቤት፣ ወደ ከተማው ዳር ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በጥቁሩ ስፍራ ላይ አሳረፉ።

«በሩስ በሬ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ማን ናት ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። በሩ ፈርሷል።

በዚያው ዕለት ካሜራውን ከጉንጫቸው አጠገብ አድርጌ ፊታቸውን ብቻ ለካሁ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሼ ሳልቸኩል አነሣኋቸው። ሁለተኛው ፎቶግራፍ በቀይ መብራት ሥር፣ በማጠቢያው ሳሕን ውስጥ ቀስ በቀስ ሲወጣ መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎም የግንባራቸው መስመር ታየኝ። በስተኋላቸው ያለው ግን ማንም ሰው ያልኖረበት ባዶ ግድግዳ ነው።

አሁን ሁለቱም ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ፊት የሌለው ደጅ፣ ሌላው ደጅ የሌለው ፊት። ስለ ሕዝብ ብዙ ጽፌአለሁ፤ በመድረክም ላይ በሕዝብ ስም ብዙ አናግሬአለሁ። የቀድሞ ተውኔቶቼን ሳነብ ግን ከሩቅ ሆኜ የሚያበራውን ግድግዳ የለካሁባቸው ገጾች ጥቂት አይደሉም። እነዚያን መሰረዝና እንደ ገና መጻፍ እችላለሁ፤ ጀምሬአለሁም። የእማማን ደጅ ግን ዳግም ላነሣው አልችልም። ለሚያስተምርም፣ ለሚቀሰቅስም፣ ለሚጽፍም ወንድምና እኅት የማካፍለው የጨለማ ክፍል ትምህርት ይኸው ነው፤ ሰውየውን ከማንሣታችሁ በፊት ቀርባችሁ ፊቱን ለኩ።